የፊልሟ ቮልስ በልጅቷ መዳፍ

ልጅ ባለበት ቤት መጫወቻ አይጠፋም። ከገበያ የተገዛ ባይኖር እንኳ ልጆች ከጨርቅ ኳስ፣ ከጭቃ በሬ፣ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርተው መጫወታቸው የታወቀ ነው። እኛ ወላጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ መጫወቻን የምንመለከተው ልጅን ዝም እንደሚያሰኝ ትርፍ ዕቃ ነው። ከዚህም አልፈን ይህ ለወንድ ልጅ፣ ያኛው ለሴት ልጅ ነው እያልን ድንበር እናበጅለታለን። ልጁ ያንን መጫወቻ ለምን እንደፈለገው ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? በዛሬው ዓምዳችን በፊልም የታወቁ መኪኖችን በትናንሽ የብረት መኪኖች አስመስሎ ስለ መሥራት የምናወጋው ይህንኑ ጥያቄ መነሻ አድርገን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ጎረቤቴ ባለቤቷ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከአማቷና ከአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጇ ጋር ትኖራለች። አቦሉ ተቀድቶ ገና አንድ ጊዜ ፉት እንዳልን እናትየዋ ወደ እኔ ዞር ብላ፣

«እስቲ አንቺ ፍረጂን። የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ የመጫወቻ መኪና ግዢልኝ ብላ ታለቅሳለች?» አለችኝ።

አማቷም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ የምትጫወተው በአሻንጉሊት ነበር፤ እሱም ቢሆን ከሥራ ጊዜ ከተረፋት ነው። መኪና የወንድ ነው» ሲሉ ጨመሩበት።

ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። ወደ ጓዳ ገብታ ደብተሯን አመጣችና የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ አሳየችኝ። ነጭ ቮልስ ሥላለች። በኮፈኗና በበሯ ላይ በክብ ውስጥ 53 ተብሎ ተጽፏል፤ ከፊት እስከ ኋላም ቀይና ሰማያዊ መስመር ተሰምሮባታል።

«ይህችን ከየት አወቅሻት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ከአባዬ ጋር ካየነው ፊልም ነው፣ እትዬ። አባዬ የእኛም ቮልስ ማታ ማታ ሰው ሲተኛ ብቻዋን ትነዳለች ይለኝ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ማንም አልተናገረም። አያትየዋ ከሰሉን መቆስቆስ ጀመሩ። አባትየው በታመመ ጊዜ ቮልሷ ለሕክምና ወጪ ተሸጣ እንደነበረ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። እናትየዋ ዕቃ ስናነሳ ለብቻዬ ስታገኘኝ፣ «መኪናዋን የረሳቻት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀንም አንስታብኝ አታውቅም» አለችኝ። እኔም መኪናዋን ፈልገን እንደምናገኝላት ቃል ገባሁ።

ልጅቷ የሣለቻት መኪና ኸርቢ ትባላለች። የዋልት ዲስኒ ኩባንያ በ1968 ባወጣው ፊልም ላይ የራሷ ልብና የራሷ ፈቃድ ያላት ቮልስ ሆና የታየችው እርሷ ናት። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ለዚህ ሲሉ አዲስ መኪና አልፈለሰፉም። በየመንገዱ የሚታየውን የ1963 ሞዴል ቮልስ ወስደው ነጭ ቀለም ቀቡት፤ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ መስመር አሰመሩበት፤ ቁጥር ለጠፉበት፤ በቃ። ቁጥሩም ቢሆን እንዲሁ በዕጣ የወጣ አይደለም። የፊልሙ አዘጋጅ ቢል ዎልሽ ዶን ድራይስዴል የተባለውን የሎስ አንጀለስ ቤዝቦል ተጫዋች ይወድ ስለነበር የማሊያውን ቁጥር ለመኪናዋ ሰጣት ይባላል። እንግዲህ ዓለም ያወቃት መኪና የተሠራችው ከተራ መኪና፣ ከጥቂት ቀለምና አንድ ሰው ከሚወደው ነገር ነው ማለት ነው። አንዲት ልጅ በቤቷ ጠረጴዛ ላይ ይህንኑ በትንሹ ብትደግመው የሚያስገርም አይሆንም።

መኪና የወንድ ነው ለሚለው የአያትየዋ አስተያየት ግን የትናንሽ መኪኖች ታሪክ ራሱ መልስ አለው። በ1947 በለንደን ከተማ ሌዝሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ የተባሉ ሁለት ወዳጆች ሌዝኒ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። የአባት ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ዘመዳሞች አልነበሩም፤ የድርጅቱንም ስም ያወጡት የራሳቸውን ስሞች ቆርጠው በመቀጠል ነው። ጥቂት ቆይቶ ጃክ ኦዴል የተባለ ባለሙያ ተቀላቀላቸው። የኦዴል ሴት ልጅ በምትማርበት ትምህርት ቤት ልጆች ይዘው መምጣት የሚፈቀድላቸው በክብሪት ቀፎ ውስጥ የሚገባ መጫወቻ ብቻ ነበር። አባትየውም ለልጁ ከነሐስ አንዲት ትንሽ የመንገድ መዳመጫ መኪና ሠርቶ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርጎ ሰጣት። ጓደኞቿ ሁሉ እኛም ይሠራልን አሉ። ድርጅቱ በ1953 ማችቦክስ፣ ማለትም የክብሪት ቀፎ፣ ብሎ ለገበያ ያቀረባቸው መኪኖች መነሻቸው ይኸው ነው። በዓለም ዙሪያ የስንቱን ወንድ ልጅ ኪስ የሞሉት ትናንሽ መኪኖች የመጀመሪያዋ ባለቤት ሴት ልጅ ነበረች። ይህንን ለአያትየዋ ባጫወትኋቸው ጊዜ፣ «አባቷ ነዋ የሠራላት» ብለው ዝም አሉ።

በ1968 በአሜሪካ ሆት ዊልስ የሚባሉትን መኪኖች ማውጣት የጀመረው ማቴል የተባለው ኩባንያም በ1945 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ሩት ሃንድለር የምትባል ሴት ናት። ባርቢ የተባለችውን አሻንጉሊት በ1959 ለዓለም ያቀረበች እርሷ ስትሆን፣ መኪኖቹን ያስጀመረው ደግሞ ባለቤቷ ኤልየት ነው። አሻንጉሊቱም መኪናውም የወጡት ከአንድ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፊልም መኪናን በመጫወቻ መልክ ማቅረብ በሰፊው የታወቀው ግን በእንግሊዝ አገር ኮርጊ በሚባለው ስም ነው። የኮርጊን መኪኖች ያወጣ የነበረው ሜቶይ የተባለው ኩባንያ ከናዚ ጀርመን በተሰደደው በፊሊፕ ኡልማን የተቋቋመ ነበር፤ መኪኖቹ የሚሠሩትም በዌልስ ውስጥ በስዋንዚ ከተማ ነበር። ጄምስ ቦንድ በ1964 በወጣው ጎልድፊንገር በተባለው ፊልም ላይ የነዳትን አስተን ማርቲን ኩባንያው በ1965 በትንሹ አወጣት። ቁልፏ ሲነካ ጣሪያዋ ተከፍቶ ወንበሯ ሰው ትተፋለች፤ ከፊቷ መትረየስ ይወጣል፤ ከኋላዋ ጥይት መከላከያ ጋሻ ይነሳል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር የዓመቱ ምርጥ መጫወቻ ተባለች፤ በሚሊዮን የሚቆጠርም ተሸጠች። ልብ ልንለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። በፊልሙ ላይ የታየችው መኪና ቀለሟ የብር ዓይነት ሲሆን የኮርጊዋ ግን ወርቅማ ነበረች። ምክንያቱም የብር ቀለም ቢቀቧት ገና ያልተቀባች ባዶ ብረት ትመስላለች ተብሎ ስለ ተሰጋ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የተወደደችው የፊልም መኪና ምስል ራሷ ከፊልሙ የተለየች ነበረች ማለት ነው። ይህንን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ፍለጋችን እንመለስ። መጀመሪያ የሄድነው መጫወቻ ወደሚሸጥበት ሱቅ ነበር። ተሠርታ ያለቀች፣ በሳጥን የታሸገች ኸርቢ በመስታወት ውስጥ ተቀምጣለች። ዋጋዋን ስንሰማ እናትየዋ ልጅቷን በእጇ ይዛ ወጣች፤ የቤቱን የሳምንት አስቤዛ የሚያህል ገንዘብ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ በውጭ አገር ዘመድ ያላቸውን ሰዎች ጠየቅን፤ የሚመጣ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቅዳሜ መርካቶ ወርደን ምናለሽ ተራ አጠገብ አሮጌ ዕቃ ከሚቸረችር ሰው ዘንድ ደረስን። ከተሰባበሩ መጫወቻዎች መካከል አንዲት አረንጓዴ ቮልስ አገኘን። ቀለሟ ተልጧል፤ የኋላ አንድ ጎማዋም የለም። ዋጋዋ ከአንድ ኪሎ ስኳር ያነሰ ነበር። ሻጩም የልጅቷን ፊት አይቶ አንድ የተሰበረ መኪና ለጎማው ሲል ምርቃት ጨመረልን።

እንዲህ ያለ ፍለጋ ለሚጀምሩ አንባብያን የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላለን።

በመጀመሪያ የሚታየው መጠን ነው። ትናንሽ መኪኖች ከእውነተኛው መኪና ጋር ሲነጻጸሩ ስንት ጊዜ እንዳነሱ የሚያሳይ ቁጥር አላቸው። 1፡64 የተባለው ከእውነተኛው 64 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ቮልስ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ በ1፡64 ከ6 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ትበልጣለች፤ በ1፡43 ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ በ1፡18 ደግሞ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ትጠጋለች። ከአንድ ፊልም ሁለትና ሦስት መኪና ለመሥራት ያሰበ ሰው ሁሉንም በአንድ መጠን ቢፈልግ አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ ያምራሉ። በጣም ትናንሾቹ ግን ለማሸጊያው ሳጥን እንዲስማሙ ተብሎ መጠናቸው የሚዛነፍበት ጊዜ ስላለ ከማስመሪያ ይልቅ ዓይንን ማመን ይሻላል።

ሁለተኛው የሞዴሉ ዓመት ነው። ለኸርቢ የምትሆነው ቮልስ የፊት መብራቷ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ሊሆን ይገባል፤ በኋላ ዘመን የተሠሩት መብራታቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። የኋላ መስኮቷም ሰፋ ያለ መሆን አለበት። መስኮቷ ለሁለት የተከፈለ ወይም እንደ እንቁላል የሞላለለ ከሆነ ከ1958 በፊት የነበረችውን ቮልስ ስለምትመስል ለዚህ ሥራ አትሆንም። ይህንን ሁሉ ከፊልሙ ፎቶግራፍ ጋር እያስተያየች የለየችልን ልጅቷ ናት። እኔና እናቷ ቮልስ ሁሉ አንድ ይመስለን ነበር።

ሦስተኛው የብረቱ ጤና ነው። እነዚህ መኪኖች የሚሠሩት በአብዛኛው ዚንክ ከሆነ፣ ጥቂት አሉሚኒየም ከተጨመረበት ቅይጥ ብረት ነው። ቅይጡ ቀልጦ በኃይል ወደ ብረት ቅርጽ ውስጥ ይገባና ወዲያው ይረጋል፤ ጥቃቅኑ የበር መስመርና የፓራውልት ቅርጽ ሳይቀር የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በድሮ ጊዜ ግን በቅይጡ ውስጥ እርሳስ የገባባቸው መኪኖች ከዓመታት በኋላ ይሰነጣጠቃሉ፤ ያብጣሉ፤ በመጨረሻም ይፈረፈራሉ። ይህ ሕመም መድኃኒት የለውም። ስለዚህ አሮጌ መኪና ስትገዙ ስንጥቅ እንዳለበት በብርሃን ዘንድ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ከገዛችሁም በኋላ እርጥበት ከበዛበት ቦታ አርቁ።

ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ሥራው ሦስት ቅዳሜ ወሰደ። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ መኪናዋን በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠበቻት። ስትደርቅ አሮጌው ቀለም እንዳይቦን በብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነካች በስሱ የፈተገቻት እናትየዋ ነበረች። የተሰበረውን ጎማ በፒንሳ አላቅቃ ሌላውን የተካችውም እርሷው ናት፤ «አባቷ እያለ ፒንሳ ነክቼ አላውቅም ነበር» እያለች። በሁለተኛው ቅዳሜ መስኮቶቹን በፕላስተር ሸፍነን በውኃ የሚቀጥነውን ነጭ ቀለም ቀባን። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይልቅ ስስ አድርጎ፣ ሲደርቅ እየጠበቁ ሦስትና አራት ጊዜ መደራረብ ይመረጣል። ወፍራም ቀለም የበሩን መስመርና ጥቃቅኑን ጌጥ ይደፍነዋል።

በሦስተኛው ቅዳሜ መስመሩ ቀረ። ልጅቷ ቀጭኑን ብሩሽ ይዛ ሞከረች፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ቀዩ ወደ ነጩ ፈሰሰ። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ፈሰሰ። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ከጥግ ተቀምጠው ሲመለከቱ የነበሩት አያት መነጽራቸውን አደረጉ።

«አምጪ እስቲ ወዲህ» አሉ። «ስንት ቀሚስ የጠለፈ እጅ ይህችን መስመር ያቅተዋል?»

አላቃታቸውም። ቀዩን ከፊት ፓራውልት እስከ ኋላ በአንድ ትንፋሽ አወረዱት፤ ሰማያዊውንም እንዲሁ። 53 ቁጥርን ልጅቷ በስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ጽፋ፣ በክብ ቆርጣ፣ በማስቲሽ ለጠፈችው፤ አንዱን በፊት ኮፈን፣ ሁለቱን በሁለቱ በሮች፣ አንዱን በኋላ። የቀረው ታርጋ ብቻ ነበር። የፊልሟ ኸርቢ የምትይዘው የካሊፎርኒያ ታርጋ ኦ ኤፍ ፒ 857 የሚል ነው። ልጅቷ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ ወረቀት ላይ ቁጥር ጽፋ ለጠፈች፤ እኔ ግን ስመለከተው የፊልሙ ቁጥር አልነበረም።

«ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» አልኋት።

እናትየዋ ጎንበስ ብላ አነበበችው። የተሸጠችው የባለቤቷ ቮልስ ታርጋ ነበር። ልጅቷ በዘጠኝ ዓመቷ የምታውቀውን ቁጥር አንዱንም አልሳተችም።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ጥንቁቅ የሆኑ ሰብሳቢዎች ይህን እንደ ስሕተት ሊቆጥሩት ይችሉ ይሆናል። ነገር ግን ቀደም ሲል እንዳነሳነው የኮርጊ ኩባንያ የብሩን መኪና በወርቅ ቀለም አውጥቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ወደዱለት፤ የፊልሙ አዘጋጅም የሚወደውን ተጫዋች ቁጥር ለቮልሷ ሰጥቷታል። ልጅቷ ደግሞ የአባቷን ሰጠቻት።

አያትየዋ መኪናዋን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ቀጥሎ ተነስተው ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከልጃቸው ፎቶግራፍ አጠገብ አኖሯት። በዚህ ጊዜ ልጅቷ፣

«እማማ፣ ልጫወትባት እኮ ነው የሠራኋት» አለቻቸው።

አያት መልሰው አነሷትና ሰጧት። «ተጫወቺባት። ማታ ማታ ግን እዚህ ታድራለች» አሉ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ይህንን ሥራ በቤታቸው ለመሞከር የሚፈልጉ ወላጆች ጥቂት ጥንቃቄዎችን እንዳይዘነጉ አደራ እንላለን። የእነዚህ መኪኖች ጎማና ጥቃቅን ክፍል ሕፃን ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ስለሚችል ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ማራቅ ያስፈልጋል። የቆዩ መጫወቻዎች ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሕፃን ወደ አፉ እንዳያስገባቸው፣ አሮጌውን ቀለም ልጆች እንዳይፍቁ፣ የሚፈትገውም አዋቂ ሰው በደረቁ እንዳይፈትግ፤ ከሥራም በኋላ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። ቀለም ለማስለቀቅ ቤንዚን ወይም አሴቶን ለልጅ አይሰጥም። ፒንሳና ምላጭ የሚያስፈልገውን ሥራ አዋቂ ይሥራው፤ መስኮትም ይከፈት።

ከሁሉ በላይ ግን ልጃችሁ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የማይገባ የሚመስላችሁን መጫወቻ ሲለምናችሁ እምቢ ከማለታችሁ በፊት ለምን እንደፈለገው ጠይቁት። ጎረቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ረስታዋለች ያለችው ነገር በደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ተሥሎ ይጠብቃት ነበር።